ድንኳኑ የተተከለበት ጉድጓድ

ኮምቦልቻ ላይ ጎርፍ የሚመጣው ሰማይ ጥርት ባለበት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው በስተላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ታች ከተማው ውስጥ ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሻይ ሲጠጣ መንገዱ በድንገት ቀይ ውኃ ይሆናል። ውኃው አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል፣ የሰው ግቢ ይገባል፣ ያገኘውን ጠርጎ ወንዝ ይከታል። በማግስቱ ያው ፀሐይ፣ ያው አቧራ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እኔ፣ የከተማውን ዛፍና አረንጓዴ ቦታ እንድመራ የተቀጠርኩት ሴት፣ ችግኞቹ ደረቁብኝ ብዬ ውኃ የሚያጠጣ ቦቴ ለማግኘት ከስምሪት ክፍሉ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ያን ሁሉ ውኃ በደጃችን አሳልፈን ውኃ በመኪና እናስመጣለን። ይህን ረጋ ብሎ ያሰበ ሰው ማበድ ነበረበት፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ግን እብድ የምባለው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ከተማ ያማረ ማለት ከፍ ያለ ማለት ነው። ዛፍ ሲተከል ዙሪያው በድንጋይ ይከበባል፣ አፈር ይሞላል፣ እንደ መደብ ከፍ ይደረጋል፣ ድንጋዩ ኖራ ይቀባል። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ኖራው ይደገማል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው የተቀባውን ድንጋይ እየታከከ ያልፋል፤ አንዲት ጠብታ ወደ ሥሩ አትገባም። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነበር። ዛፉን ከመንገዱ ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉ፣ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ እዚህም እዚያም ክፈቱለት፣ ጎርፉ ይግባ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይረፍ፣ መሬት ይጠጣው፣ ዛፉም ይጠጣ፣ የሰው ቤትም ይትረፍ። ይህን ለማስረዳት በስንት ስብሰባ ላይ እጄን እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አለቃዬ አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ከተማ አስውቢ ብለን ብንቀጥርሽ ጉድጓድ ትቆፍሪብን?" አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ጠዋት በጉም ውስጥ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ልብሴን አንድ በአንድ እያወለቅሁ ኮምቦልቻ እገባለሁ። አብረውኝ የሚመላለሱት ሰዎች ሥራዬን ያውቁታል። "ዛሬስ የማን ደጅ ሊቆፈር ነው?" ይሉኛል። ደሴ ያለ ሰው ስለ ጎርፍ ቢቀልድ አይገርመኝም። እዚያ ውኃው ቁልቁል ወርዶ የሌላ ሰው ጣጣ ይሆናል። ኮምቦልቻ ያ ሌላ ሰው ነው።

ወደ ፋብሪካዎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ ልክ በሚያልቅበት ቦታ፣ የአንዲት እናት ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች አሏቸው፤ ተከራዮቹ ከየገጠሩ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች ነበሩ። ባላቸው ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ቤቱ የሚተዳደረው በክፍሎቹ ኪራይ ብቻ ነው። ክፍሎቹ ደግሞ በየክረምቱ ውኃ ይገባባቸዋል። ባለፈው ክረምት ልጆቹ ከፈረቃ ሲመለሱ ፍራሻቸውን ተንሳፎ ነው ያገኙት። "ከእንግዲህ አንዴ ከገባ እንወጣለን" ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል። ጎርፍ የገባበት ቤት ወሬው ፋብሪካውን በሙሉ ያዳርሳል፤ እነሱ ከወጡ ሌላ ተከራይ እንደማይመጣ እኒህ እናት ያውቁት ነበር።

ደጃችሁ ላይ ልቆፍር ብዬ ሰፈሩን ስዞር ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አንዱ ልጆቼ ይወድቁበታል አለ፣ አንዱ ወባ ያመጣብናል አለ፣ አንዱ ደግሞ የኔ ደጅ ምን አደረገሽ ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እኒህ እናት ብቻ የግቢያቸውን በር ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ውኃው ግቢዬ አይገባም ነው የምትዪኝ?"

"ጉድጓዶቹ ክፍት እስከሆኑ ድረስ አይገባም፣ እማማ።"

"ወላሂ በዪ።"

ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ፤ ማተቤ አንገቴ ላይ ይታያል። ወላሂ አልኩ።

ባላቸው ከውስጥ፣ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ "እኔ ሳልሞት መቃብሩን ጀመራችሁት?" ሲሉ ሰማሁ። እማማ እጃቸውን አወናጨፉና "ቆፍሪ፣ እሱ ቀልዱ አያልቅበትም" አሉኝ።

ቁፋሮው ወራት ፈጀ። ጉልበት አጥተን አይደለም፣ ፊርማ አጥተን ነው። አንዱ ፈርሞ ሌላው ስብሰባ ሄዷል ይባላል፤ ሌላው ሲመለስ የመጀመሪያው ተዛውሯል። የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ የሚመለከተው ባለሙያ፣ "ድንጋይ ስለመግጠም እንጂ ስለመንቀል መመሪያ የለኝም" ብሎ ፊት ለፊቴ ሻዩን ጠጣ። በመጨረሻ ከአጥሩ ፊት ለፊት ተከታታይ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ታቻቸው ድንጋይና ጠጠር ሆነ፣ ኒምና ግራር ተተከለባቸው፣ ጠርዙ ተከፈተ። ኖራ እንዳይቀቡብኝ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ቆሜ ጠበቅሁ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሆነ ብዬ ሄጄ ቆምኩ። ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠብኝ፤ ግድም አልሰጠኝ። ውኃው መንገዱን ሞልቶ ወረደ፣ ክፍቱ ጋ ሲደርስ ዘወር አለ፣ ገባ፣ ተሽከረከረና ቆመ። አንዱ ጉድጓድ ሲሞላ ወደሚቀጥለው አለፈ። እማማ በራቸው ላይ ሆነው ደረቁን ግቢያቸውን አዩ፣ ደግሞ ዞረው ጉድጓዱን አዩ። "ጠጣው እኮ" አሉ። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ምስጋና የሚበልጠው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ዘነበ፣ አንድም ቀን ውኃ ግቢያቸው አልገባም። ልጆቹም ስለመውጣት ማውራት ተዉ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ሆጤ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ከተከራዮቹ አንዷ ደወለችልኝ። የእማማ ባል ጎሕ ሲቀድ አርፈዋል። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ሚኒባስ ጠብቄ፣ ወርጄ፣ ባጃጅ ይዤ ስደርስ ሬሳው ከቤት ወጥቷል። ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። የቆመው አጥሩ ፊት ለፊት ነው። አጥሩ ፊት ለፊት ያሉት ደግሞ ጉድጓዶቼ ናቸው። "አይ፣ ዳር ላይ ይሆናል" አልኩ ለራሴ። ባጃጁ ሲቀርብ ግን ዳር ላይ አልነበረም።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው፤ ሰው ሲሞት ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። በዚያ ጠዋት የቅሬው ሰዎች ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ መቃብር ሊቆፍር ሄደ፣ ግማሹ የኔን ጉድጓዶች ደፈነ። ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ለቀስተኛ ይገባል ይወጣል፣ ድንኳን ጉድጓድ ላይ አይተከልም። ለመንገድ ጥገና ተቆልሎ የነበረውን አፈር በጋሪ አጋዙ፣ ሞሉ፣ ውኃ አርከፈከፉበት፣ ጠቀጠቁት። የከፈትኩትን ጠርዝ በድንጋይ መልሰው ገጠሙት። ችግኞቹን ግን አልጣሏቸውም። እያንዳንዱን ከነሥሩ ነቅለው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ አጥሩ ሥር በጥላ ደርድረዋቸዋል። ይህን ያህል ጨዋ ሰዎች ናቸው። መሥሪያ ቤቴ በወራት የሠራውን ቁርስ ሳይበሉ ደለደሉት።

የቅሬው ዳኛ፣ መሪው ማለት ነው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ አለ።

"መጣሽ ልጄ? አየሽ፣ ደልድለን አሳመርነው።"

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ ዝናብ ቢመጣስ?" አልኳቸው።

"ሸራው አዲስ ነው፣ አያስገባም።"

"ድንኳኑን አይደለም የምልዎት፣ ቤቱን ነው።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ሰው ሞቷል" አሉኝ።

እንደምንም ብዬ ድንኳኑ ከመንገዱ ማዶ ቢዛወርስ አልኩ። "የሟች ደጅ እያለ በሰው ደጅ?" አሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ለጎኑ ሰው "እሷ ሁልጊዜ ጉድጓድ ነው" ሲል ሰማሁት። ዳኛው ግን አልተቆጡኝም፤ ጭራሽ አዘኑልኝ። "በሦስተኛው ቀን ይነሣል፣ ያን ጊዜ እንዳሻሽ ቆፍሪ። አሁን ግቢና አጽናኚያቸው" አሉኝ። ወደ ዳር ወጥቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "ለቅሶ ቤት ሄደሽ ድንኳን አፍርሱ ልትዪ ነው? ስማችንን እንዳታስጠፊ" አለና ዘጋው። ከሞተ ሰው ጋር ክርክር የገጠምኩ አስመሰሉኝ።

ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። እማማ ጥጉ ጋ፣ ፍራሽ ላይ፣ ፊታቸውን በጥቁር ሻርፕ ከልለው ተቀምጠዋል። ሬሳው ከወጣ ጀምሮ ከዚያች ቦታ አልተነሡም፤ ውጭ የሆነውን አላዩም። ተከራዮቹ ልጆች፣ አንዳንዶቹ የፋብሪካ ጋውናቸውን ሳያወልቁ፣ ሻይ ያዞራሉ። እኔ በተከፈተው በር በኩል የማየው ተራራውን ብቻ ነበር። ከቀትር በኋላ ደመናው ከአናቱ ጀምሮ እየሸፈነው ወረደ። ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። ሟቹን እያሰብኩ የተብሰለሰልኩ መስሏት አጠገቤ ያለችው ሴት "አብሽሪ" ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ይሄኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ነጎደ። እማማ ቀና ብለው፣ "ዝናብ ነው?" አሉ።

"ተራራው ላይ ነው" አለች ከልጆቹ አንዷ። ዐይኗ እኔ ላይ ነው።

"ይዝነብ" አሉ እማማ በረጅሙ ተንፍሰው። "ለሱም ራሕመት ነው። ለኛም ጉድጓዱ አለልን።"

ለሐዘንተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አሰብኩ፤ ግን ውኃው ሲገባ እሳቸው ከኔ ፊት ላይ ከሚያነቡት ከአፌ ቢሰሙት ይሻላል አልኩ። ጠጋ ብዬ፣ "እማማ፣ ጉድጓዶቹ ተደፍነዋል። ድንኳኑ ላያቸው ላይ ነው የተተከለው" አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ደገምኩላቸው። ከዚያ ተነሡ። ሴቶቹ ልብሳቸውን ጨምድደው "የት? የት? ተቀመጪ እንጂ" አሉ። ሴቶቹ ወደ ኋላ እየጎተቷቸው እማማ እስከ በሩ ደረሱ፤ በሩ ላይ ቆመው ወደ ድንኳኑ ተጣሩ።

"ዳኛው፣ ድንኳኑን አንሡልኝ። ጉድጓዱን ክፈቱልኝ፣ ጎርፍ ሊመጣብኝ ነው።"

ዳኛው ብድግ ብለው ቆሙ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። "ያዟት፣ አስገቧት" አሉ ሴቶቹን። "ይቺ ሴት ሐዘኑ ጎዳት። ባሏ ተቀብሮ ሳይውል ስለ ጎርፍ ታወራለች።" እኔም ከኋላ ሆኜ "እውነታቸውን ነው፣ እውነታቸውን ነው እኮ" አልኩ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። ሴቶቹ እማማን አቅፈው መለሷቸው፣ ፊታቸውን በውኃ ጠረጉላቸው፣ "ሶብር አድርጊ" አሏቸው። እሳቸውም መከራከሩን ተዉትና ፍራሻቸው ላይ ቁጭ ብለው በሩን ያዩ ጀመር።

ብዙም አላስጠበቀን። ውኃው መንገዱን ሞልቶ ወረደ፣ የተገጠመውን ጠርዝ እየታከከ አለፈ፣ በተጠቀጠቀው መሬት ላይ ተንሸራቶ፣ በድንኳኑ እግሮች መካከል አልፎ በግቢው በር ገባ። የልጆቹን ክፍሎች በረድፋቸው አዳረሳቸው። ከዚያ እኛ ያለንበት ቤት ደፍ ላይ ወጣ።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ ያለ መረባረብ አይቼ አላውቅም። ዳኛው በዚያ ዕድሜያቸው ጫማቸውን ጥለው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ፍራሽ ተሸከሙ፣ እህል አወጡ፣ ውኃ በባልዲ እየቀዱ አፈሰሱ። ሴቶቹ ሐዘንተኛዋን ከነተቀመጡበት አንሥተው አልጋ ላይ አወጧቸው። ውኃው ሲጎድል ሁሉም ጭቃ በጭቃ ሆኖ ግቢው ውስጥ ቆመ። "ቅሬው ባይሰበሰብ ኖሮ ቤቱ ይሄድ ነበር" አሉ ዳኛው ፊታቸውን እየጠረጉ። አንዱ አልሐምዱሊላህ አለ፣ አንዱ ተመስገን አለ። እኔ እርር ድብን አልኩ። ከማን ጋር ልጣላ? ክፉ ሰው የለም። አንድ ክፉ ሰው ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስመለስ ልጆቹ እየወጡ ነበር። የራሰ ፍራሻቸውን፣ ጀሪካናቸውን፣ በፌስታል የቋጠሩትን ልብሳቸውን ባጃጅ ላይ ይጭናሉ። ሁሉም አይደሉም፣ አብዛኞቹ ናቸው። እያንዳንዷ ገብታ የእማማን እጅ ትስምና ይቅር ይበሉን ትላለች። እሳቸውም "ሒዱ፣ አላህ ይቅናችሁ" ይላሉ። ማንንም አልወቀሱም። እኔን እንኳ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። የመጨረሻዋ ባጃጅ ታጥፋ እስክትሰወር ድረስ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሩና ዶማ ይዘው ተመለሱ። ማንንም ሳያነጋግሩ የግቢውን በር አልፈው የወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ገቡ። ሰዎቹ ከጎርፉ የተረፉትን አግዳሚዎች እያስተካከሉ ነበር። እማማ በሁለት አግዳሚ መካከል ቆሙ፣ ዶማውን አነሡ፣ መሬቱን መቱት።

"ኧረ ተቀመጪ እህቴ" አሉ ዳኛው ደንግጠው። "ሐዘንተኛ ነሽ።"

"ተቀምጬ አየሁት" አሉ እማማ። ደግመው መቱት።

ወንዶቹ እጃቸውን ሊይዟቸው አይችሉም፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ማን ባዕድ ወንድ ይነካል? ሴቶቹ ደግሞ የወንዶች ድንኳን ውስጥ አይገቡም፤ ከአጥሩ በር ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጠቅጥቀው ጠቅጥቀው ድንጋይ አድርገውታል፤ ቶሎ አይነሣም። እኔም ጫማዬን አወለቅሁ፣ አጥሩ ላይ የተደገፈ አካፋ አነሣሁና ከጎናቸው ገብቼ የፈነቀሉትን አፈር እዝቅ ጀመር። ቀና ስል አንድ ሰውዬ የተቀመጠበትን አግዳሚ ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ ሌላው ወጣ። ሁለት ጎረምሶች ሸራውን ከአንድ ጎኑ መፍታት ጀመሩ።

በመጨረሻ ዳኛውም ኮታቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው አጥሩ ላይ ሰቀሉት፣ ከአንዱ እጅ አካፋ ተቀበሉና ወደ እኔ መጡ።

"ለመሆኑ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ምን ያህል ነው መጥለቅ ያለበት?"

ይህን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አለቃ፣ ባለሙያ፣ ጎረቤት፣ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። በተከፈተው በር በኩል የወጡት ልጆች ክፍሎች በራቸው ወለል ብሎ፣ ባዷቸውን ይታያሉ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።